ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ያልደረሰ ስም

ልጄ ሞጣ ውስጥ ኮምፒውተር ተምራ ጨርሳ የብቃት ምዘናውን አንድ ጊዜ ወድቃ ነበር። ለሁለተኛው ሙከራ አንድ ቀን ሲቀር ከቢቸና ተነሥቼ ሄድሁ። ከወደቀች ወዲህ በስልክ የምትለኝ "እማዬ፣ አሁንም ካላለፍሁ አረብ አገር እሄዳለሁ" ነበር። ፓስፖርቷን አውጥታ ጨርሳ ነበር። ከሰፈራችን የሄዱትን አውቃለሁ፤ የተመለሱትንም፣ ድምፃቸው የጠፋውንም። መጀመሪያ ሰሞን ይህን ስሰማ እህል አልዋጥ ይለኝ ነበር። በኋላ ፍርሃቱ ራሱ ደከመው መሰለኝ። ጉንደ ወይንን ስናልፍ ምንም አልተሰማኝም፤ እጄ ብቻ የዘንቢሉን ጆሮ ጨብጦ አልለቅም አለ።

የተከራየችው ክፍል አንድ አልጋና አንድ ጠረጴዛ ይይዛል። ጠረጴዛው ላይ ከጓደኛዋ የተዋሰችው ላፕቶፕ አለ። ፓስፖርቱ ከጎኑ፣ ደብተር ላይ ተቀምጧል። አየሁት።

ለምዘናው የምትሠራው ለጤና ጣቢያ የሚሆን የኮምፒውተር ፕሮግራም ነበር። ስክሪኑ ላይ ሁለት መስኮት ይከፈታል። በአንደኛው የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ የበሽተኛውን ስም ይጽፍና "ላክ" የሚለውን ይጫናል። ሐኪሙ በሚያየው በሁለተኛው መስኮት ስሙ መውጣት አለበት። አንዳንዴ ይወጣል፤ አንዳንዴ አይወጣም።

"ኮምፒውተሩ ተሳስተሻል እንኳ አይለኝም" አለች። "ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ዝም።"

"ታዲያ ስሙን ማን ነው የሚያደርሰው?"

"ቁልፉ ሲነካ የሚሰማ ትእዛዝ ጽፌያለሁ። እሱ ለዚያኛው መስኮት ያቀብላል። ስንቴ አነበብሁት፤ ልክ ነው።"

እኔ እስከ አራተኛ ክፍል ነው የተማርሁት። ከጻፈችው አንዲት ቃል አላውቅም፤ ፊደሉም የእኛ አይደለም። እሷ ስታነብ እኔ "ላክ"ን እንድጫንላት አስቀመጠችኝ። ከመጫኔ በፊት ስክሪኑ ላይ የምትንቀሳቀሰው ቀስት ልክ ቁልፉ ላይ መሆኗን ጎንበስ ብዬ አያለሁ።

"እማዬ፣ ቦምብ እኮ አይደለም!"

"ባበላሽብሽስ ልጄ?"

"ከዚህ በላይ ምን ይበላሻል?"

ቤቴን ቆልፌ ስወጣ ተመልሼ ቁልፉን የምነቀንቅ ሰው ነኝ። እንደ ልማዴ የሆነውን ሁሉ በተራ ያዝሁ። ተከፈተ፣ ተላከ፣ ደረሰ። ተዘጋ፣ እንደገና ተከፈተ፣ ተላከ፣ አልደረሰም።

"የሐኪሙን መስኮት ዘግተሽ ከከፈትሽው በኋላ ነው የማይደርሰው" አልኋት።

"አጋጣሚ ነው።"

"አራት ጊዜም?"

ወደ ጽሑፏ ተመለሰች። እኔ ከዓመት በፊት የላክሁት በሶ ትዝ አለኝ። በየጊዜው በሶና ድርቆሽ በሚኒባስ ሹፌር እልክላት ነበር። ቤት መቀየሯን ነግራኝ ነበር፤ ለሹፌሩ መንገር የረሳሁት እኔ ነኝ። እሱ ወደ ድሮው ቤት እየወሰደ "ደርሷል እትዬ" ይለኛል። እውነቱን ነው፤ የቀድሞ አከራይዋ፣ ትመጣለች ብለው እየተቀበሉ መደርደሪያ ላይ ያኖሩታል። ልጄም እናቴ ተቸግራ ይሆናል ብላ አልጠየቀችኝም። በሶው ነቅዞ ነው የተገኘው።

"ስትዘጊው የት ይሄዳል?" አልኋት።

"የትም። እንዲደበቅ ነው ያደረግሁት፤ አይጠፋም።"

"ስትከፍችውስ ያው እሱ ይመጣል?"

"አይ፣ ሌላ አዲስ..." አለችና አፏ እንደተከፈተ ቀረ። "ትእዛዙ ለአዲሱ አያቀብልም። አሁንም ለተደበቀው ነው የሚሰጠው።"

"እንደ በሶዬ።"

"እንደ በሶሽ!" ብላ ሳቀች።

አዲስ መፍጠሩን ትቶ የተደበቀውን ራሱን መልሶ እንዲያወጣ አድርጋ ጻፈችው። ተጫንሁ፤ ስሙ ወጣ። ዘጋችው፣ ከፈተችው፣ ተጫንሁ፤ ወጣ። ደግሜ ደጋግሜ አስዘጋኋት።

"በቃ እማዬ፣ የመስኮቱ ማጠፊያ ሊነቀል ነው!" እያለች አንገቴን አቀፈችኝ። እኔ ምንም አልተሰማኝም። ምግብ ብዪ አልኋት።

በማግሥቱ ከምዘናው ግቢ በር ፊት ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ፀሐይዋ ዞራ ፊቴን ስትመታኝ እንኳ አልተነሣሁም። እየሮጠች ወጣች።

"ብቁ ነሽ አሉኝ!"

"ምሳ በላሽ?"

"እማዬ! ደስ አላለሽም?"

"ደስ ብሎኛል" አልኋት። የሚባለው እሱ ስለሆነ አልሁት።

መናኸሪያ ስትሸኘኝ ፓስፖርቱን ራሷ ዘንቢሌ ውስጥ ከተተችው። "አንቺ ዘንድ ይቀመጥ" አለች። ቢቸና ስደርስ ሳጥኔ ውስጥ፣ ከነጠላዬ ሥር አኖርሁት።

ከዚያ ወዲህ ሥራ ይዛ እዚያው ሞጣ ትኖራለች። ፓስፖርቱም ጊዜው አልፎበታል፤ ከእንግዲህ የትም እንደማያስኬድ አሳይታኛለች። ገብቶኛል። ሳጥኑን በከፈትሁ ቁጥር ግን ነጠላዬን ገለጥ አድርጌ መኖሩን አያለሁ።