ባለ አንድ ዓይን ሥዕል

ገሊላ ካርቱም፣ ጀብራ ሰፈር ተወልዳ እዚያው ያደገች ሐበሻ ናት። አማርኛዋ ስብርብር ያለ ነው፤ ዓረብኛዋን የሰማ ግን ሱዳናዊት አይደለችም ብሎ አይጠረጥርም። የሱዳኑ ጦርነት ከመጀመሩ በፊት ባለው ዓመት፣ ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር የሚገኝ አንድ የሥዕል ማዕከል ለጥቂት ወጣት ሠዓሊዎች ለወራት ስቱዲዮ ሰጥቶ «ማንነታችሁን ሣሉ» ሲል እሷም ዕድሉ ደረሳት። ሌሎቹ ወዲያው ቀለም በጠበጡ። እሷ ግራ ገባት። ሱዳኖቹ «ሐበሺያ» ይሏታል፣ ሐበሾቹ ደግሞ አማርኛዋን እየሰሙ ይስቁባታል። ታዲያ የትኛዋን ትሣል?

ስትሥል ስትፍቅ ከርማ በመጨረሻ እናቷን ሣለች። እናቷ ለምለም ዕድሜዋን ሁሉ መንገድ ዳር ሻይ እየሸጠች የኖረች ሴት ናት። ሥዕሉ ከጎን የታየ ፊት ነው፤ አንድ ጉንጭ፣ አንድ ጆሮ፣ አንድ ዓይን። የማዕከሉ ኃላፊ ረሺድ አይቶት ወዲያው እንዲሰቀል አዘዘ። እሱን ማስደሰት ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም።

ጣጣው የመጣው በዐውደ ርእዩ ዋዜማ፣ አባቷ አቶ ፍሰሐ ሊያዩላት ብቅ ሲሉ ነው። አቶ ፍሰሐ ጎንደር ድቁና ተምረው ካርቱም ሾፌር ሆነው የቀሩ፣ ከቤተ ክርስቲያን ግን አንድ ቀን የማይጎድሉ ሰው ናቸው። ሥዕሉን ሲያዩ ፊታቸው ተለዋወጠ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ ከጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣለው ይሁዳና ሰይጣን ነው። ይህን የማያውቅ ሐበሻ ያለ አይመስላቸውም ነበር። ለገሊላ ግን ማንም ነግሯት አያውቅም፤ እሷም ብትሆን በቅዳሴ ሰዓት የጓደኞቿን ቀሚስ እንጂ ግድግዳውን ስታይ አላደገችም።

«እናትሽን ከነይሁዳ ደመርሻት» አሏት። ነገ የሰበካው ሰው ሁሉ ይመጣልና አሁኑኑ አውርጂው አሉ።

ገሊላ ሌላ ሥዕል የላትም። ካወረደችው ግድግዳዋ ባዶ ይቀራል። ከዚያ በላይ ደግሞ፣ ያን ሁሉ የለፋችው ከአባቷ አፍ «አበጀሽ» የሚል ቃል ለመስማት ነበር።

«አባ፣ ወላሂ አላወቅኩም» አለች። «እኔ ግን ማማን እንዲህ ነው የማውቃት። ከሻ ይመጣል ብላ ሁሌ መንገዱን ታያለች። ስታበላኝም፣ ፀጉሬን ስትሠራኝም ዓይኗ መንገዱ ላይ ነው። የማየው ጎኗን ነው።»

ከሻ የሚሉት ሻይ ሻጮችን ከነዕቃቸው ለቃቅሞ የሚሄደውን አፈሳ ነው። አቶ ፍሰሐ የመኪና ቁልፋቸውን አንሥተው ወጡ። ገሊላ አዘነች፣ ተናደደችም፤ ሥዕሉን ግን አላወረደችውም።

በማግስቱ የሰበካው ሰዎች ነጠላቸውን እንዳጣፉ ከቅዳሴ በቀጥታ መጡና ሥዕሉ ፊት ተኮለኮሉ። ወዲያው ሹክሹክታ ተጀመረ። ለምለም የምትገባበት ጠፍቷት አንገቷን ደፋች። አቶ ፍሰሐ ሰዉን እየገፉ ወደ ሥዕሉ ሲመጡ ገሊላ ሊያወርዱት ነው ብላ ፈራች።

አንዲት ሴት ቀድማ ያዘቻቸው። «ጋሽ ፍሰሐ፣ ምነው ለምለምን በአንድ ዓይን?»

«ሌላው ዓይኗማ መንገዱን እያየ እኛን ይጠብቃል» አሉ ሥዕሉ አጠገብ እየቆሙ። «ልጄ ናት የሣለችው። አበጅታለች።»

ገሊላ ሰው መኖሩን ረስታ ተንሰቀሰቀች። ለምለም በነጠላዋ ጫፍ የልጇን ፊት ጠረገችና «ያላ፣ እንግዳ አለብሽ» አለቻት።