ድንኳን ያልተተከለላት ሴት

ሶዶ ውስጥ የማኒፑርን ቋንቋ የሚያውቅ ከመምህር ኤርካሎ በቀር የለም። ሰውየው ህንድ አገር ለትምህርት ሄዶ፣ ማኒፑር በሚባል ተራራማ ክፍለ ሀገር ዓመታት የተቀመጠው የግስ ጭራ ሲያጠና ነው። እዚያ «ቻሬ» ያለ በልቶ ጨርሷል፤ «ቻሪ» ያለ ገና እየበላ ነው። በዚህች ጭራ ዶክተር ተባለ። ሰፈርተኛው «ለዚህ ነው ያን ሁሉ ባሕር የተሻገረው?» እያለ ይስቅበታል፤ አይፈረድበትም።

ቋንቋውን ያስተማረችው ኢቤምቻ የምትባል አሮጊት ሸማኔ ነበረች። አገሩ ከገባ በኋላም ቅዳሜ ቅዳሜ ትደውልና «ቻክ ቻብራ?» ትለዋለች፤ ምግብ በልተሃል ወይ ማለቷ ነው። ኤርካሎ ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፤ ይህን የሚጠይቀው ሌላ ሰው አልነበረም።

ባለፈው ሰሞን ልጇ ደውሎ መሞቷን አረዳው። ቀብሯ ላይ አልደረሰ፣ እርሙን የሚያወጣበት ቦታ ቸገረው። እዚህ አገር ለቅሶ ለብቻ አይለቀስም። ስለዚህ ወደ እድሩ ዳኛ፣ ወደ ጋሽ ጦና ሄደ።

«ምንህ ናት?» አሉት።

«ቋንቋ ያስተማረችኝ ናት።»

«ደንቡ ለሥጋ ዘመድ ነው።» ጋሽ ጦና አንጀታቸው አልችል አለና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አክስቴ ናት በለኝና ድንኳኑ ዛሬውኑ ይተከላል። ማን ይመረምረኛል?»

«ህንድ አገር አክስት የለኝም፣ ጋሼ።»

አይ ሰው! ዕድሜውን ሙሉ ቃል ሲመዝን ኖሮ አንዲት ውሸት ከበደችው።

ቤቱ ተመለሰና የግቢውን በር ወለል አድርጎ ከፈተ፤ አግዳሚ ወንበር አውጥቶ ተቀመጠ። አላፊ አግዳሚው ፀሐይ የሚሞቅ መስሎት «እንዴት ዋልክ፣ መምህር?» እያለው ያልፋል። እሱም «እግዜር ይመስገን» ይላል። እንዲህ ያለው ብቸኝነት ለጠላትም አይስጥ።

አመሻሹ ላይ ጎረቤቱ እትዬ የማርያምወርቅ ከጓሯቸው የነቀሉትን ጎደሬ ቀቅለው፣ በሳህን ይዘው ብቅ አሉ።

«እህል ቀምሰሃል፣ ልጄ?»

ይሄኔ አልቻለም። ፊቱን በመዳፉ ሸፍኖ ተንሰቀሰቀ።

«ምነው? ማን ሞተብህ?»

«እናቴ» አለ።

እናቱን አምና አረካ ድረስ ሄደው ከቀበሩት አንዷ እሳቸው ናቸው። ያም ሆኖ ሳህኑን መሬት አስቀመጡ፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አጠገቡ ተቀመጡ።