ጡት ያስጣልኩበት ሳምንት

ልጄ ክረምቱ ሲገባ ግራ ጡቴን አልጠባም አለ። አፉ ውስጥ ሳደርግለት ፊቱን ያዞራል፤ ስለማመጠው ይነክሰኛል። እኔም «ወገኛ፣ ደግሞ ለጡትም ምርጫ አለህ?» እያልኩ ወደ ቀኙ አዞረዋለሁ። ባለቤቴ «በኔ ወጥቶ ነው፣ የሚወደውን ያውቃል» እያለ ይስቃል። ጡቱ ሲጠጥርብኝ ያልተጠባ ወተት የተቋጠረበት መስሎኝ፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ በነከርኩት ፎጣ ሳሸው ከረምኩ። ብብቴ ሥር ሌላ እብጠት ሲወጣ ነው ሐኪም ቤት የሄድኩት። ናሙና ወሰዱ፣ አልትራሳውንድም አነሱኝና ለውጤቱ ቀጠሩኝ።

የቀጠሮው ቀን ልጁን ለእናቴ ትተን ልንሄድ ነበር። እናቴ ሕመሜን ሰምታ ከኮላ ድባ መጥታ ፀዳ ከተማ እኛ ቤት ሰንብታለች። ልጁ ግን ጫማዬን ሳደርግ አየና ቀሚሴን ጨምድዶ ያዘ። ሁለት ዓመት እንኳ ያልሞላው ልጅ ያን ጉልበት ከየት እንዳመጣው እንጃ። «ይሂድ በቃ» አልኩ። ባለቤቴ ተቆጣ፤ እኔ ባስኩበት። እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነው ይዤው የሄድኩት። ልጅ ላቀፈች ሴት ማንም ክፉ ነገር አይነግራትም ብዬ አስቤ ነበር። የሞኝ ነገር።

ታክሲው አዘዞን እስኪያልፍ ልጁ ያየውን ሁሉ ሲጠራ ነበር፤ አህያ፣ ማኪና፣ ደግሞ አህያ። ወትሮ ባለቤቴ አብሮት ይጮሃል፤ የዚያን ቀን ግን የቀጠሮ ወረቀቱን እያጠፈ ይዘረጋል። ወረፋ ስንጠብቅ ልጁ አግዳሚ ወንበሩ ሥር እየገባ የሰው ጫማ ማሰሪያ ይፈታል። ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ሐኪሙ ወጣት ነው። ወረቀቱን አየና ባለቤቴን «አንድ ጊዜ ለብቻዎ ላናግርዎት» አለው።

«ጡቱ የማን ሆነና?» አልኩት።

ሐኪሙ ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረ። ከዚያ ነገረኝ። ካንሰር ነው፤ ከጡቴ አልፎ ጉበቴ ላይ ደርሷል። አይድንም አላለኝም። መድኃኒቱ ጊዜ ይሰጥዎታል ነው ያለኝ፤ የቀረውን ራሴ ጨረስኩት። ልጁ ግራውን እንደማይጠባ ስነግረው፣ አንዳንድ ሕፃን ጣዕሙ ሲለወጥበት እንዲያ ያደርጋል አለ። እኛ ስንስቅበት ልጁ ሲነግረን ከርሟል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ሲባል እሱ ደረቴ ውስጥ እጁን ከትቶ «ጡጡ» ይላል። ዝም እንዲልልኝ ቀኙን አውጥቼ ሰጠሁት። ሐኪሙ «ሰኞ መድኃኒቱ ሳይጀመር ጡት ማስጣል ይኖርብዎታል፤ በወተቱ ያልፋል» አለኝ። እሱ ጡት ይጥላል፣ እኔስ ስንቱን ነው የምጥለው ብዬ ልጠይቀው ነበር። ተውኩት።

ስንመለስ ልጁ ታክሲው ውስጥ እላዬ ላይ ተኛ። እኔ ሞትን እንኳ በቅጡ አላሰብኩትም። ያሰብኩት፣ በዚህ ዕድሜው እናቱ የሞተችበት ልጅ እንደማያስታውሳት ነው። ፊቴንም ድምፄንም አያውቀውም። ፎቶ ያሳዩታል፤ «እናትህ ይቺ ናት» ይሉታል፤ እሱም እሺ ይላል።

ቤት ስንደርስ ባለቤቴ እናቴን ጓሮ ወስዶ ነገራት። ብዙ ቆዩ። ከዚያ ወደ ጎረቤት ሄዳ እሬት ቆርጣ መጣችና «በይ ክፈቺው» አለችኝ። መራራውን ውሃ ራሷ ቀባችልኝ። እኔንም እንዲሁ ነው ያስጣለችኝ።

ልጁ ሮጦ መጥቶ ጎረሰው። ወዲያው ምላሱን አውጥቶ ቀና ብሎ አየኝ። ጡቱን አይደለም ያየው፣ እኔን ነው። በሸሚዙ ጠረገውና ደግሞ ሞከረ። ከዚያ መሬት ላይ ተንከባለለ፤ ባለቤቴ አንስቶ ይዞት ወጣ። ከውጭ ለቅሶው በተሰማኝ ቁጥር ወተቴ ይፈስሳል። ቀሚሴ በሰበሰ።

በማግስቱም ጠየቀኝ። ከዚያ በኋላ ደረቴን በጣቱ ነካ እያደረገ «መራራ» ብሎኝ ያልፍ ጀመር። እሁድ ጠዋት ሲነሳ ቀጥ ብሎ የሄደው እናቴ ጋ ነው። ጭኗ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ፤ ፍትፍት ታጎርሰው ጀመር። እኔ ወተት የወጠረውን ደረቴን በክንዴ ይዤ ከማዶ አያቸዋለሁ። አንዴም ዞር ብሎ አልፈለገኝም።

እናቴ ልታጽናናኝ ብላ «ምነው እንዲህ መሆንሽ? ሸጋ ልጅ ነው፤ ይኸው ረሳው። ልጅ እኮ ቶሎ ይረሳል» አለችኝ።

ምን እንዳለች የገባት ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው። ጉርሻውን እንደያዘች እጇ አየር ላይ ቀረ። ልጁ አፉን ከፍቶ ይጠብቃታል።

«አጉርሺው» አልኳት፤ «እጅሽን ይልመደው።»