የለቀቅሁት ወገብ

ባለፈው እሑድ ልጄ ሙሉ የአህጉሩን የትግል ሻምፒዮና ውጤት ከስልኳ ላይ አነበበችልኝ። የአገራችን ታጋይ በመጀመሪያው ዙር ተሸንፏል። «ወድቆ ዝም አለ እኮ አባዬ፤ ትንሽ እንኳ አይፍጨረጨርም?» አለችኝ። ጉልበቴን ማሸት ቀጠልኩ። የደከመን ሰው መውቀስ ድሮም አይሆንልኝም።

በጉብዝናዬ ለዚሁ ሻምፒዮና አንድ ግጥሚያ ቀርቶኝ ነበር። ደብረ ማርቆስ ላይ ያሸነፈ አዲስ አበባ ሄዶ ከቡድኑ ጋር ይሰለጥናል ተባልን። የይጁቤ ቄስ ልጅ ነኝ፤ ከደጀን ወዲያ ያለውን አገር አይቼ አላውቅም ነበር። መሄዱን እንደ እብድ ነው የተመኘሁት።

ጊዜው ግን ሁዳዴ ነው። አሰልጣኛችን «ዛሬን ብላ፣ እግዜር ይረዳሃል» ቢለኝ አሻፈረኝ አልኩ። የአባቴ ልጅ ሆኜ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እህል ልቀምስ? ከይጁቤ የተሳፈርነው በአይሱዙ ጭነት ላይ ስለነበር፣ ያን ቀን የበላሁት የመንገዱን አቧራ ብቻ ነው።

ተጋጣሚዬ ይርጋ የሚባል የደጀን ልጅ ነበር፤ ከመኪና ጤፍ ሲያወርድ ያደገ፣ አንገቱ ከትከሻው የማይለይ። በኛ አገር ትግል መሬት የነካ ተሸነፈ፤ የጣለው ወዲያው ይለቀውና እጁን ሰጥቶ ያነሳዋል። እዚህ ግን ሁለቱ ትከሻዎች ምንጣፉን ካልነኩ አላለቀም። አሰልጣኙ «ብትጥለውም እንዳትለቀው» እያለ አሰልችቶኛል።

ብዙ ታገልን። በመጨረሻ ወገቡን ጠምጥሜ ነቀልኩትና በጎኑ ጣልኩት። ከዚያ ለቀቅሁት፤ እጄንም ዘረጋሁለት። ይርጋ በዘረጋሁት እጅ ስቦ ገለበጠኝ። ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ ፊሽካው ተነፋ።

ይርጋ አዲስ አበባ ሄደ፤ እኔ ወደ ይጁቤ ተመለስኩ። አባቴ ሰምቶ ጠበቀኝ። «አይክፋህ ልጄ፤ የወደቀን ማንሳት ያሳደግንህ ወግ ነው» አለኝ። በገበያውም «የቄሱ ልጅ በጨዋነቱ ተሸነፈ» ተባለልኝ። ኋላ ሚስቴን ለማጨት ሽማግሌ በላክሁ ጊዜ፣ ሽማግሌዎቹ ስለ እኔ መጀመሪያ ያነሱት ይህንኑ ነው። ሚስቴም፣ ነፍሷን ይማርና፣ ለልጃችን ደጋግማ አወራችላት።

«እሱም እንዳንተ ለወግ ብሎ ቢሸነፍ አይቆጨኝም ነበር» አለች ሙሉ ስልኳን እያስቀመጠች።

ያን ጊዜ መረረኝ። ሰው ባልሠራው ሥራ ሲመሰገን ከመኖር የበለጠ የሚያዝል ነገር የለም።

«ለወግ ብዬም ደንቡን ረስቼም አይደለም የለቀቅሁት» አልኳት። «አሰልጣኙ 'ያዘው' እያለ ሲጮህ ይሰማኝ ነበር። ክንዴ አለቀ። ይብቃኝ ብዬ ነው። እጄን የዘረጋሁት ለሰው ዓይን ነው።»

«እማዬ ታውቅ ነበር?» አለችኝ ሙሉ።

አታውቅም። ልነግራት ያሰብኩበት ቀን ብዙ ነው፤ ሁልጊዜ ደክሞኝ ነበር።