የጠመንጃዋ ማርሚታ

ባለፈው ሳምንት ማርሚታው የተነቀለ ባጃጅ በደጄ ሽቅብ ሲወጣ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ጎረቤቶቼ ሹፌሩን ሲራገሙ እኔ ሻዬን እንደያዝኩ ስለ ሌላ ማርሚታ ማሰብ ጀመርኩ። ነገሩ የሆነው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል።

ያኔ ለአንድ የውጭ አገር መሬት ቀያሽ አስተርጓሚ ነበርኩ። ሰውየው ወደ አገሩ ሲመለስ ቀጭን ጥይት የምትጎርስ ትንሽ ጠመንጃውን ከነፈቃዷ አዛወረልኝ። አፈሙዟ ላይ ድምፅ የሚያፍን ጥቁር ቱቦ ተጠምዝዞበታል። ስትተኮስ ደረቅ ጭራሮ የተሰበረ ነው የሚመስለው። እኛ ቤት ቱቦውን እንደ መኪናው ድምፅ ማፈኛ ማርሚታ አልነው።

ለእኔ ከጠመንጃዋ ይልቅ ማርሚታው ይበልጥብኝ ነበር። አባቴ በጠላት ዘመን ጫካ ገብተው የተዋጉ ሰው ናቸው። ከዚያ ወዲህ ግን ተኩስ ሲሰሙ ሰውነታቸው ይንቀጠቀጣል፣ አንደበታቸው ይተሳሰራል። የሠርግ ተኩስ የሰሙ ቀን እህል አይቀምሱም። ወደ ሁሩታ በሚወስደው መንገድ፣ ከቤታችን አጠገብ ያለው ገብሳችን ደግሞ ከጫካው ጥግ ስለነበር፣ እሸት በያዘ ቁጥር የጦጣ መንጋ ይወርድበታል። ማርሚታው ከመጣ በኋላ እኔ ማሳው ዳር እተኩሳለሁ፣ አባቴ ግቢ ውስጥ ፀሐይ እየሞቁ የተጠበሰ እሸት ያሻሉ። እንዲህ ያለ ሰላም በቤታችን አይቼ አላውቅም።

በተከታዩ ክረምት መሣሪያ ያለው ሁሉ አሰላ ወስዶ እንዲያስመረምር ታዘዘ። ጭቃው ጉልበት ድረስ ይውጣል። ጭላሎ በጉም ተሸፍኖ፣ ጠመንጃዋን በጋቢ ጠቅልዬ ሄድኩ። የተቀበለኝ ሻምበል ቱቦውን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

«ማንን ነው ድምፅ ሳታሰማ የምትገድለው?»

«ጦጣ ነው ጌታዬ። አባቴ ተኩስ አይችሉም፣ ያማቸዋል።»

የአባቴን ስም ጠየቀኝ። ነገርኩት። ሳቀ።

«እሳቸው? አባትህ እኮ አርበኛ ናቸው! አርበኛ ተኩስ ፈራ ብለህ አባትህን አታዋርድ።»

ፈቃዱ ለጠመንጃዋ እንጂ ለቱቦው እንዳልሆነ ነገረኝ። ቱቦውን ፈትቼ ካስረከብኩ ጠመንጃዋን እንደሚያስመዘግብልኝ፣ ካልሆነ ግን ሁለቱንም እንደሚወርስ ጨምሮ ገለጸልኝ። ልፈታው ብሞክር ንቅንቅ አልል አለ። በሌላ ቀን ደግሜ ሄጄ ቱቦውን እንዲተውልኝ ሻምበሉን ለመንኩት፤ መልሱ ያው ነበር። በመጨረሻ አንድ ፖሊስ ተመድቦልኝ ጋራዥ ሄድን። መካኒኩ በሞርሳ ጠፍንጎ ታገለው፣ ጋዝ አፈሰሰበት፣ አልሆነም። በሴጌቶ ቆረጠው።

ውስጡን ሲያሳየኝ ክው አልኩ። ጥይቷ ልባስ የሌላት እርሳስ ስለነበረች ፍርፋሪዋ እየተጋገረ ቱቦውን ደፍኖታል። ድምፁን የሚያፍኑት የውስጥ ቀለበቶቹም ተበልተዋል።

«ይሄ እኮ ሊከፈት የሚችል ዓይነት አይደለም፣ አይጸዳም» አለኝ መካኒኩ። «ቢተውልህም ብዙ አይቆይም ነበር።»

ያን ሁሉ ጭቃ የረገጥኩለት ነገር ለካ በራሱ ጊዜ እየሞተ ነበር። በማን ልናደድ? በሻምበሉ? እንዲህ አድርጎ በሠራው?

ጥቅምት ሲገባ ጦጣዎቹ ወረዱ። ጠመንጃዋን አንስቼ መልሼ ሰቀልኳት። አባቴ አዩኝ።

«እኔ ሲሬ እህቴ ዘንድ ልውረድ» አሉ። «አዝመራው እስኪገባ።»

«የራስዎን ቤት ጥለው? ጦጣው ይብላው እንጂ!»

«እኛስ ምን እንበላለን?»

በበቅሎ ሸኘኋቸው። ገብሱ ያን ዓመት አማረ፤ የሚያሻው ግን አልነበረም። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ እሸት ሲደርስ አባቴ ይሰደዳሉ። በአንዱ ጥቅምት እዚያው ሲሬ ሳሉ ታመው ዐረፉ። መርዶው የደረሰኝ ማሳ ዳር ጠመንጃ ይዤ ነው።

አሁን ከአባቴ ዕድሜ አልፌያለሁ። ሻምበሉ ድምፅ የሌለው ጠመንጃ ቢያሰጋው አልፈርድበትም። ያልበረደልኝ ሌላ ነው፤ የአባቴን ጀግንነት የሚያወራ ሞልቶ ሕመማቸውን የሚሰማ መጥፋቱ። ባለፈው መስከረም መቃብራቸውን ለማየት ሲሬ ወርጄ ነበር። አንድ የሚያውቋቸው ሽማግሌ እጄን ይዘው «አባትህ እኮ ተኩስ የማይፈሩ ሰው ነበሩ» አሉኝ።

«ይፈሩ ነበር» አልኳቸው።

አላመኑኝም።