ወፍጮው ሲነሳ የሚጠፋው ዜማ

ክንዱ መካነ ኢየሱስ ላይ ፎቶ ኮፒ ቤት አለው። ጎረቤቱ የአሕመዲን ወፍጮ ነው። ወፍጮው በተነሳ ቁጥር መብራቱ ይደክማል፤ የክንዱ ኮምፒውተርም ድርግም ይላል። እሱ ግን ግድ አልነበረውም! ቫይረስ ካስመረረው ወዲህ በነፃ የሚገኘውን ሊኑክስ ጭኗል፤ ፋይል የሚያስቀምጥበት ሥርዓትም ኢኤክስቲ ፎር የሚሉት አንጋፋው ነው። «እንደ ጋይንት በቅሎ ነው፤ ቢወድቅም ይነሳል» እያለ ይኩራራበት ነበር፤ ከተነሳ ዘንድ ሁሉም ደህና መስሎት።

አንድ ቀን የድጓ መምህሩ የኔታ ገብረ ኢየሱስ ከጋይንት ቤተ ልሔም መጡ። ድምፃቸው ከመዘጋቱ በፊት እሱ ዘንድ ያስቀረፁትን ዜማ ሊሰሙ ነው። እያዳመጡ ሳሉ ዜማው ከመሃል ተቆርጦ ጭርርር አለ።

«ምንድን ነው ይህ?» አሉ በሰለለ ድምፅ።

ክንዱ ደግሞ ከፈተው፤ እዚያው ላይ ተቆረጠ። ዜማው ሌላ ቦታ የለም። መብራቱ ሲጠፋ ሲበራ ፋይሉ ተበላሽቷል፤ ኮምፒውተሩ ግን ትንፍሽ አላለም።

«ሌላ ሥርዓት አለ፣ የኔታ። ቢቲአርኤፍኤስ ይሉታል። ፋይሉ ሲገባ ምልክት ይይዝለትና ሲከፈት ያመሳክራል፤ ከተበላሸ ይናገራል።»

«ያቃናዋል?»

«በአንድ ዲስክ አያቃናም፤ የሚያቃናበት ሌላ ቅጂ የለውም። መናገር ብቻ።»

አንዱ ይነሳል፣ አይናገርም፤ ሌላው ይናገራል፣ አያድንም። ለመቀየር ደግሞ ዲስኩ መደምሰስ አለበት። ፊቱ ገደል፣ ኋላው ጅብ።

«የረሳ ተማሪ ሁለት ዓይነት ነው» አሉ የኔታ። «አንዱ ቀጥ ይላል፤ ሌላው ከራሱ ፈጥሮ ይሞላል። ቀጥ ያለው ይታረማል። የሞላውን ማን ይይዘዋል? የሚናገረውን አድርገው።»

ክንዱ ከደንበኛው ከመምህርት ሀና ለዕለቱ ዲስክ ተውሶ ፋይሎቹን ወደዚያ መገልበጥ ሲጀምር ወፍጮው አጉረመረመ። ሮጦ ወጣ።

«አሕመዲን፣ በፈጠረህ አቁምልኝ! ዜማው ማለቁ ነው!»

«ነገ ገበያ ነው። ይሄን ሁሉ ሰው ዜማ ላብላው?»

ገብስ ይዘው የተሰለፉት ሴቶች ሳቁ። የኔታ ተከትለው ወጥተው ሊለምኑ አፋቸውን ከፈቱ፤ ድምፅ አልወጣም። ሳቁ ቆመ። አሕመዲን አቀርቅሮ ሞተሩን አጠፋ።

«እስኪገለበጥ ብቻ!» አለ።

ተገለበጠ። ክንዱ የገዛ ዲስኩን ደመሰሰ፤ አዲሱን ሥርዓት ጫነና ዜማውን መለሰ። ከዚያ ፋይሎቹን በአዲሱ ሥርዓት አስመረመረ። ኮምፒውተሩ ሁሉም ደህና ነው አለ። የተቆረጠውም ጭምር!

ክንዱ ክው አለ። ለካ እንደተቀበለው ነው የሚጠብቀው፤ ጎድሎ የገባው ፊት ሙሉ እንደነበር አያውቅም።

«ይሄኛውን አይናገርም፣ የኔታ።»

«አንተ ተናገራ» አሉት።

ክንዱ ከፋይሉ ስም አጠገብ «ጎደሎ» ብሎ ጻፈ። የኔታ ጠጋ ብለው አነበቡት፤ ዳግም የሚያስቀርፁበት ድምፅ የላቸውምና ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ።