የልጅ ሁለት ዓሣ

አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የእጅ ጽሑፌ ዶሮ የጫረው መሬት ይመስላል፤ ፊደልም ይምታታብኛል፤ ስምንተኛ ክፍልን ያለፍሁት በመከራ ነው። በሰው ፊት መናገርማ ከነጭራሹ አልችልም። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ስብሰባ ነበር። «ልጆች ከአዋቂ ጋር ሆነው ዓሣ እንዲያጠምዱ እንደገና ይፈቀድ ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ አንድ ሰው ከፊት ተነሥቶ «ልጅ ውሸታም ነው፤ ያኔ ያየነው ይበቃናል» አለ። ሰዉ ሳቀ። እኔ ከሴቶቹ ኋላ ተቀምጬ ነበር። ፊቴ ነደደ፤ አፌ ግን አልተከፈተም። ስለዚህ እጽፈዋለሁ።

ልጅ ሳለሁ፣ ሦስተኛ ክፍል እያለሁ፣ መንደራችን የዓሣ ደንብ ነበረው። ርብ ወንዝ ፎገራን አቋርጦ ከሐይቁ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው እኛን ያገኛል፤ ደንቡንም ያወጡት አጥማጆቹ ራሳቸው ናቸው። አንድ አዋቂ በቀን ስምንት ዓሣ፤ አብሮት የመጣ ልጅ ሁለት። ልጅ ብቻውን ወንዝ አይወርድም። ሁለቱን ዓሣ በገዛ እጁ፣ በመንጠቆ ያወጣል፤ በገዛ ገመዱ ሰክቶ ይዞ ይወጣል። ከስንዝር ያነሰ ወደ ውኃው ይመለሳል። ሰኔ ከገባ ደግሞ ዓሣው እንቁላሉን ሊጥል ሽቅብ ስለሚወጣ፣ መረብ የሚባል ነገር ከወንዙ አይገባም።

ይህን የሚጠብቁ አያ ፈንቴ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ከወንዙ መውጫ ካለው ዋርካ ሥር ተቀምጠው የሁሉንም ገመድ ያያሉ። ትንሽ ዓሣ ሲያገኙብን አይቆጡም፤ «በይ ራስሽ መልሻት፤ ስታድግ ታውቅሻለች» ይሉናል። ለምን ለልጅ ሁለት እንደተፈቀደ ስጠይቃቸው «ነገ ወንዙን የምትጠብቁት እናንተ አይደላችሁ? ያልቀመሰውን ማን ይጠብቃል?» ብለውኛል።

ለእኔ ሁለቱ ዓሣ ጨዋታ ነበር። ለእናኑ ግን እራት ነበር። እናኑ የጎረቤታችን ልጅ ናት፤ እናቷ ከወለዱ ወዲህ ከመደብ አልተነሡም፤ አባት የላትም። ከአጎራባች ሰው ጋር እየተጠጋች ወንዝ ትወርዳለች፤ ሁለቷን ታወጣለች፤ ከአጥራችን ማዶ ጭስ ሲወጣ እናቴ «ተመስገን፣ እናኑ ቀንቷታል» ትላለች።

በዚያ ዓመት ግንቦት ላይ የእናቴ ወንድም ጋሸ አበባው ከወረታ መጥቶ እኛ ቤት ሰነበተ። ለልጅ ጊዜ ያለው ሰው አልነበረም። አንድ ቀን ግን የመንደሩን ልጆች ሰብስቦ «ነገ ከእኔ ጋር ወንዝ የሚወርድ ማነው?» አለን። እናኑን ጨምሮ አምስት ሆነን ወረድን። እናቶቻችን «ሲያድለው፣ ልጅ ይወዳል» አሉ።

ከወንዝ በተመለስን ቁጥር፣ አመሻሽ ላይ፣ ከደጃችን ተረት ያወራልን ጀመር። ለቢምቢው ብለን የሩዝ ገለባ እናጨስ ነበር። የሩዝ ገለባ ነበልባል የለውም፤ ውስጥ ውስጡን እየጋየ ዓይን የሚለበልብ ነጭ ጭስ ነው የሚሰጠው። ከበሩ ጉበን ላይ የሶላር መብራታችን ተንጠልጥላ የእሳት ራት ትሰበስባለች። እሱ በጭሱ መካከል ቁጢጥ ብሎ፣ በእንጨት ፍሙን እየቆሰቆሰ፣ አንዴ እንደ ኤሊ አንዴ እንደ ሽመላ እየሆነ ሲያወራ፣ ያኔ ከዚያ ደጃፍ የተሻለ ቦታ በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ከሁሉ የምወደው የአምባዛውን ነው። አምባዛ ያ ጢማሙ፣ ቅርፊት የሌለው ዓሣ ነው። በተረቱ ውስጥ የአንድ ገበሬ ልጅ ይወድና ሽማግሌ ይልካል፦ እንቁራሪት፣ ኤሊና ሽመላ። ገበሬው እንቢ ብሎ ላለማሳፈር ብልሃት ይፈጥራል። «ልጄን የሚያገባ ያን ማሳዬን አርሶ ያሳየኝ» ይላል፤ ማሳው ደግሞ ከወንዙ የራቀ፣ በፀሐይ የተሰነጣጠቀ መሬት ነው። አምባዛው በሆዱ እየተሳበ ይወጣል። ዕርፉን በጢሙ ጠምጥሞ ይይዛል። ፀሐይዋ ከረር ትላለች፤ ቆዳው መጨማደድ ይጀምራል... እዚህ ላይ ጋሸ አበባው እንጨቱን ይጥላል።

«የቀረው ነገ፤ ወንዝ ለወረደ።»

«ኧረ በማርያም! ሞተ ወይስ አልሞተም?»

«ገመድሽን ይዘሽ ነይ፤ ታውቂያለሽ።»

በማግሥቱ አምባዛውን አንድ ትልም ብቻ ያሳርሰዋል፤ ደግሞ ያቆመዋል።

ገመዳችንን ለምን እንደፈለገው ለማወቅ ብዙ ቀን አልፈጀብኝም። እኛ መንጠቆ ጥለን ስንቀመጥ እሱ «መጣሁ» ብሎ ደንገሉ ውስጥ ይገባል፤ በጆንያ ዓሣ ይዞ ይመለሳል። ከዚያ በእያንዳንዳችን ገመድ ሁለት ሁለት ይሰካል። በመንጠቆ ያወጣውን ግን በራሱ ገመድ ለብቻ ያደርጋል። ዋርካውን አልፈን ከመንገዱ መታጠፊያ ስንደርስ የእኛን ይሰበስበዋል። አንድ ቀን ተከተልሁት። ሰኔ ገብቶ ነበር፤ እሱ ግን መረብ ዘርግቷል። አንዷን ዓሣ ከክሩ ሲያላቅቅ ሆዷን ጨመቃትና እንቁላሏ በጣቶቹ መካከል ፈሰሰ። እጁን በሱሪው ጠረገ። ዞር ብሎ አየኝና ጠቀሰኝ።

ገመዷን ያልሰጠችው እናኑ ብቻ ነበረች፤ ሁለቷን በገዛ እጇ ታወጣለች።

«አምጪ እንጂ» አላት አንድ ቀን ከመታጠፊያው ስንደርስ።

«ይህ የእናቴ ነው።»

«ኧረ እሜቴ! የሀገሩ ቀለብ ሰፋሪ አንቺ ነሽ እንዴ?»

«የሀገሩን አላውቅም፤ የእናቴ ነው» አለችና ገመዷን ከጀርባዋ ደበቀች።

ሌሎቻችን ሳቅን። እሱ ሲስቅ እንስቅ ነበራ።

መረቡን ካየሁ ከሦስት ቀን በኋላ አያ ፈንቴ የእኔን ገመድ ከፍ አድርገው ቆዩ። ዓይናቸው ደካማ ስለነበር የዓሣዋን አንገት በጣታቸው ዳበሱት።

«ይኼ የክር ሰንበር ነው። ማነው ያወጣት፣ ልጄ?»

«እኔ ነኝ።»

«በምን?»

«በመንጠቆ።»

«መንጠቆ አንገት ያንቃል?»

የሌሎቹን ሦስት ልጆች ገመድ አዩ፤ ያው ሰንበር። ጋሸ አበባው ከኋላዬ ቆሞ ጥርሱን በስንጥር ይጎረጉራል። የራሱ ስምንት ዓሣ ሰንበር የለበትም። «ልጆች አይደሉ፣ አያ ፈንቴ፤ ከየት እንዳመጡት እኔ ምን አውቄ» አላቸው። የመረቡን ዓሣ ለምን በራሱ ሳይሆን በእኛ ገመድ ብቻ እንደሚሰካ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

አያ ፈንቴ የልጅ ገመድ ሁሉ እንዲቀመጥ አዘዙ። እናኑ አልለቅም አለች።

«የእኔ በእጄ ያወጣሁት ነው! እሷን ይጠይቋት፤ አጠገቤ ነበረች!» ብላ ወደ እኔ አመለከተች።

ሽማግሌው ጎንበስ አሉ። «አይተሻል፣ ልጄ?»

አይቻለሁ። ሁለተኛዋን ስታወጣ ጭቃው አድጧት በቀሚሷ ይዤ የደገፍኋት እኔ ነኝ።

«አላየሁም» አልሁ።

የእናኑ ሁለት ዓሣ ከሌላው ጋር ሣሩ ላይ ተጣለ፤ ዝንብ ወረሰው። እናኑ አላለቀሰችም። ባዶ ገመዷን በእጇ ጠምጥማ ሄደች።

በዚያው እሑድ አጥማጆቹ ተሰበሰቡና ልጅ ከአዋቂ ጋርም ይሁን ብቻውን ወንዝ እንዳይደርስ ወሰኑ። የአዋቂው ስምንት እንዳለ ቀረ። የልጅ ሁለት ተሰረዘ። ከወር በኋላ ውኃው ሲሞላ መረቡ ከደንገሉ ተነቅሎ ወጣ፤ የማን እንደሆነም ታወቀ። ሽማግሌ ገባ፣ መረቡ ተቃጠለ፣ ይቅር ለእግዚአብሔር ተባለ፤ ጋሸ አበባውም ስምንቱን ማጥመዱን ቀጠለ። የልጆቹን ሁለት እንመልስ ያለ አንድ ሰው አልነበረም። ጋሸ አበባው አሁን እዚሁ መንደር ቤት ሠርቶ ይኖራል። ባለፈው እሑድ ከፊት ተነሥቶ «ልጅ ውሸታም ነው» ያለው እሱ ነው። ደሜ የሚፈላው ለዚህ ነው! በልጅ ገመድ የተሸሸገ ሰው ስለ ልጅ ውሸት ይናገራል፤ ይህን የሚያውቁ ሰዎችም አብረው ይስቃሉ።

እናኑ በዚያ ዓመት ትምህርቷን ትታ የሰው ሩዝ ማረም ጀመረች። አሁንም ታርማለች፤ የእግሯ ጣቶች መካከል በውኃ ተበልቷል። መንገድ ላይ ስንገናኝ አንገቴን እደፋለሁ። አንድ ቀን አገጬን በእጇ ቀና አድርጋ «ተይው እባክሽ፤ አንቺ ምን ታደርጊ፣ አስፈራርቶሽ እኮ ነው» አለችኝ። እናቴም እንዲሁ ትላለች። አያ ፈንቴም ከመሞታቸው በፊት እንዲሁ ብለውኛል።

የልጅ ሁለት ዓሣ ይመለስ። የምለው ይህንን ነው፤ አንብቡልኝ። የቀረውን ደግሞ ለማንም ነግሬው አላውቅም።

ማንም አላስፈራራኝም። ጋሸ አበባው ያን ቀን ቁጣ ቀርቶ በዓይኑም አላየኝም። እናኑን «አይቻታለሁ» ብል «የራስሽስ?» ተብዬ እጠየቃለሁ፤ እውነቱ ይወጣል፤ ተረቱም እዚያው ይቀራል። አምባዛው ገና ከማሳው ላይ ነበር። ሞተ ወይስ አልሞተም ማወቅ ፈለግሁ። ለዚህ ነው።

ያን ዕለት አመሻሽ ሌሎቹ ልጆች በየቤታቸው ተገርፈው አልመጡም፤ ከገለባው ጭስ አጠገብ ብቻዬን ነበርሁ። «ለአንቺስ ይገባሻል» አለኝና ጨረሰልኝ። አምባዛው አልሞተም። ለገበሬው «አንድ ክረምት ይታገሡኝ» አለ። ክረምት ገባ፤ ርብ ሞልቶ ፎገራን በሙሉ አለበሰው፤ ማሳው ከውኃ በታች ሆነ፤ አምባዛው እያፏጨ አረሰው። ከዚያ ሚዜዎቹን በታንኳ ጭኖ በገበሬው በር ገባ። ገበሬው ከጣሪያው ላይ ከዶሮዎቹ ጋር ተሰቅሏል። «እንደምን አመሹ፣ አማቴ? እርሻው አልቋል፤ ከየት ልቀመጥ?» አለው።

ጋሸ አበባው የገበሬውን ፊት ሲያሳየኝ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። እስካሁን ከሰማሁት ተረት ሁሉ እሱን የሚያህል የለም። እየሳቅሁ ቀና ስል አጥሩን አሻግሬ አየሁ፤ ከእናኑ ቤት ጭስ አይወጣም ነበር። አየሁና ወደ እሱ ዞሬ «ድገምልኝ» አልሁት።